የምርጫ ክርክር ሰምቶ ለመወሰን፦ ከባዶ ደብተር እስከ ድምፅ መስጫው ወረቀት

የምርጫ ሰሞን ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ክርክሩን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማሁት፤ ሁሉም ልክ ልክ መሰሉኝ። ታዲያ ማንን ልምረጥ?» ሌላው ደግሞ በማግሥቱ «ማን አሸነፈ?» ብሎ ይደውላል። «ማን አሸነፈ» ለኳስ ጨዋታ የሚሆን ጥያቄ ነው። ከክርክር መውጣት ያለበት ማን ምን ቃል ገባ፣ ቃሉን የሚፈጽምበት ሥልጣን አለው ወይ፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ በጆሮ ብቻ መያዝ አይቻልም፤ በወረቀት ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር በኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርጫ ወቅት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የሚተላለፉ የፓርቲዎች ክርክሮችን ለሚከታተል መራጭ የተዘጋጀ ነው። ለአንድ ክርክር ከዝግጅት እስከ ማጣራት 4 ሰዓት ያህል ይመድቡ፤ ወደ 1 ሰዓት ከክርክሩ በፊት፣ 2 ሰዓት ለክርክሩ ራሱ፣ የቀረው በማግሥቱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለመስመር ደብተር፤ ለአንድ ክርክር ከ4 እስከ 6 ገጽ ይበቃል
- ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፦ ሰማያዊው ለሚሰሙት፣ ቀዩ በኋላ ለሚያጣሩት። በአንድ ቀለም ከጻፉ ከሳምንት በኋላ የትኛው የተከራካሪው ቃል፣ የትኛው የራስዎ አስተያየት እንደሆነ መለየት ያቅትዎታል።
- የግድግዳ ወይም የእጅ ሰዓት
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። የ2 ሰዓት ድምፅ እንደ ጥራቱ ከ60 እስከ 120 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ቦታ መኖሩን አስቀድመው ይዩ።
- መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ
- ክርክር ላይ የሚቀርቡት ፓርቲዎች ማኒፌስቶ፣ ቢያንስ የዕለቱን ርዕስ የሚመለከተው ክፍል
- የሕገ መንግሥቱ ቅጂ፤ የሚፈለጉት አንቀጽ 40፣ 51፣ 52፣ 104 እና 105 ናቸው
- በምርጫ ክልልዎ የቀረቡ ዕጩዎች ስም ዝርዝር

ደረጃ 1፦ የራስዎን ጥያቄ አስቀድመው ይጻፉ

ከቤትዎ ኑሮ የሚነሱ ሦስት ጥያቄዎችን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ሦስት ይበቃሉ፤ አሥር ከጻፉ አንዱንም አይከታተሉም። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ስለ ኢኮኖሚ ምን ታስባላችሁ?» ለሚል ጥያቄ ማንኛውም ንግግር መልስ ይመስላል። «የማዳበሪያ ድጎማ ይቀጥላል ወይስ ይነሳል?» የሚለው ግን መልስ ካላገኘ አለማግኘቱ ፊት ለፊት ይታያል።

ምክንያቱም ርዕሱን የሚመርጡት አዘጋጆቹ፣ ንግግሩን ወደ ወደዱት የሚጎትቱት ደግሞ ተከራካሪዎቹ ናቸው። ጥያቄዎ ተጽፎ ካልጠበቃቸው፣ ክርክሩ ሲያልቅ የእነሱን ጥያቄ የራስዎ አድርገው ይነሳሉ።

ደረጃ 2፦ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ማን እንዳለ ይወቁ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀጥታ በሕዝብ አይመረጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። እርስዎ ድምፅ የሚሰጡት በምርጫ ክልልዎ ለቀረበ ዕጩ ነው፤ ከተወዳዳሪዎቹ አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያልፋል። ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ የፓርቲው መሪ ወይም ቃል አቀባይ ነው፤ ስሙ በእርስዎ ወረቀት ላይ ላይኖር ይችላል። እንዲያውም ፓርቲው በእርስዎ ምርጫ ክልል ጭራሹን ዕጩ ላያቀርብ ይችላል። ይህን ድምፅ መስጫው ክፍል ውስጥ ከማወቅ አሁን ማወቁ ይሻላል።

እንዲህ ያድርጉ፦

ሀ) የምርጫ ክልልዎን ስም ይያዙ። የምርጫ ጣቢያና የምርጫ ክልል አንድ አይደሉም፤ በአንድ ምርጫ ክልል ሥር ብዙ ጣቢያዎች አሉ።

ለ) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከሚያወጣው ዝርዝር ወይም ከምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት የዕጩዎቹን ስም፣ ፓርቲያቸውንና የምርጫ ምልክታቸውን ይገልብጡ። የግል ዕጩዎችንም አይርሱ፤ በፓርቲዎች ክርክር ላይ ድምፃቸው ላይሰማ ይችላል።

ሐ) ዝርዝሩን ለሁለት ይክፈሉት፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ከተማዋ ለተወካዮች ምክር ቤት 23፣ ለራሷ ምክር ቤት 138 ወንበር አላት። ሁለቱ ወረቀቶች ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ለአንድ ፓርቲ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም።

ደረጃ 3፦ የዕለቱን ርዕስ ከማኒፌስቶው ያንብቡ

ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ክርክሩ ስለ ግብርና ከሆነ የግብርናውን ክፍል ብቻ ለእያንዳንዱ ፓርቲ 10 ደቂቃ ሰጥተው ያንብቡ፤ ዋናውን ሐሳብ በሁለት መስመር ያስፍሩ። ተከራካሪው በቀጥታ ሥርጭት የሚናገረውና ፓርቲው አትሞ ያወጣው ሲለያዩ የሚታየው ይህን ካደረጉ ብቻ ነው። ሲለያዩ ደግሞ ያልታሰበበት ቃል የትኛው እንደሆነ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

ደረጃ 4፦ ገጹን ያስምሩ

አምስት ዓምድ ያውጡ፦ ሰዓት፣ ማን፣ ምን አለ፣ በምን ያደርገዋል፣ መቼ። በቀኝ በኩል ለቀዩ እስክሪብቶ ባዶ ቦታ ይተዉ። አንድ የተሞላ መስመር ይህን ይመስላል፦

2፡35 / ፓርቲ «ሀ» / «ለ1 ሚሊዮን ሥራ ፈላጊ በወር 3,000 ብር እንከፍላለን» / አልተናገረም / «በመጀመሪያው ዓመት»

ሰዓቱን መጻፍ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በኋላ ቅጂውን ሲፈልጉ ሁለት ሰዓት ከመስማት ወደ ሁለት ደቂቃ ያወርድዎታል። ቅጂው የተጀመረበትን ሰዓትም በገጹ አናት ላይ ያስፍሩ።

ደረጃ 5፦ እየሰሙ ይመዝግቡ

ሁሉንም መጻፍ አይቻልም፤ ስለዚህ በመስመሩ ጫፍ አራት ፊደል ብቻ ይጠቀሙ። «ቃ» ቃል ሲገባ፣ «ቁ» ቁጥር ሲጠቅስ፣ «ነ» ሌላውን ሲነቅፍ፣ «ሸ» ከጥያቄው ሲሸሽ። «ሸ» እንዲሠራ የአወያዩን ጥያቄ ከመልሱ በፊት በሦስት በአራት ቃል መያዝ ግድ ነው። ንግግሩ ሲረዝም ጥያቄው ምን እንደነበር መጥፋቱ አይቀርም፤ የሚሸሽ ተከራካሪም የሚተማመነው በዚሁ ነው።

ለሁለት ነገር ጆሮዎን ያቁሙ።

አንደኛው አድራጊ የሌለው ግሥ ነው። «ይስተካከላል»፣ «ይሠራል»፣ «ምላሽ ይሰጠዋል» ሲባል ማን እንደሚያስተካክል፣ ማን እንደሚሠራ አልተነገረም። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ መደበቂያ በጣም ይመቻል። እንዲህ ያለውን ከጻፉ አጠገቡ «ማን?» ብለው ምልክት ያድርጉ።

ሁለተኛው ስብሰባ ስብሰባ የሚሸት ሐረግ ነው። «ትኩረት ሰጥተን እንሠራለን»፣ «አቅጣጫ አስቀምጠናል»፣ «ከባለድርሻ አካላት ጋር ተቀናጅተን» የሚሉትን ጨርሶ አይጻፉ። ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ብሎ ማረጋገጥ የማይቻል ነገር ቃል ኪዳን አይባልም፤ ቀለምም ይቆጥባሉ።

የሰዓት ድልድሉንም ግምት ውስጥ ያስገቡ። 5 ፓርቲዎች 120 ደቂቃ ቢሰጣቸው፣ ለአወያዩና ለመግቢያ 20 ደቂቃ ሲቀነስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 20 ደቂቃ ነው፤ በ4 ዙር ሲከፈል ደግሞ 5 ደቂቃ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ዝርዝር አለመጥቀስ ሁልጊዜ ባዶነት አይደለም። ለዚህ ነው «በምን» የሚለውን ዓምድ ባዶ ትተው በማኒፌስቶው የሚሞሉት።

ደረጃ 6፦ በማግሥቱ በሦስት ወንፊት ያጥሩ

የዚያኑ ሌሊት አያድርጉት፤ የሞቀ ስሜት ወንፊቱን ያሰፋዋል። «ቃ» የተደረገባቸውን መስመሮች ብቻ ይውሰዱ።

*የሥልጣን ወንፊት።* የተገባውን ቃል ለመፈጸም ሥልጣኑ የማን ነው? አንቀጽ 51 የፌዴራሉን፣ አንቀጽ 52 የክልሉን ሥልጣን ይዘረዝራሉ። መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ ማተምና ብሔራዊ ባንክ የፌዴራል ናቸው። የክልል ፖሊስ፣ የክልሉ ሲቪል ሰርቪስና በፌዴራል ሕግ መሠረት መሬት ማስተዳደር የክልል ናቸው። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር ዕጩ «የዶላርን ዋጋ አወርዳለሁ» ካለ ቀዩን እስክሪብቶ ያንሱ። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደረውም የሠፈርዎን የቧንቧ መስመር እዘረጋለሁ ካለ እንዲሁ።

ከዚህ ከፍ ያለው ጉዳይ ሕገ መንግሥት ማሻሻልን የሚጠይቅ ቃል ነው። መሬትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። «መሬትን የግል እናደርጋለን» የሚል ተከራካሪ አንቀጽ 40ን መለወጥ አለበት፤ አንቀጹ የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። አንቀጽ 40 ያለው በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል በአንቀጽ 105 መሠረት ሦስት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው፦ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ ማጽደቅ። ክልሎቹ 12 ናቸው፤ አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ይቆማል። ከ547 ወንበር ሁለት ሦስተኛው 365 ነው። ሐሳቡን ይደግፉትም ይቃወሙትም፣ ለተከራካሪው የሚገባው ጥያቄ «አንድ ክልል እምቢ ቢልስ?» ነው። «የመሬት መጠቀሚያ ሕጉን እናሻሽላለን» ያለ ሌላ ተከራካሪ ካለ ግን እሱ የተናገረው በተራ ሕግ የሚፈጸም ነገር ነው። ሁለቱ በጆሮ ተመሳሳይ ናቸው፤ በክብደት ግን ሰማይና ምድር።

ከምዕራፍ ሦስት፣ ከአንቀጽ 104ና ከ105 ውጪ ላሉት አንቀጾች መስፈርቱ ትንሽ ይቀላል። ለምሳሌ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ በአንቀጽ 5 የተደነገገ ስለሆነ፣ ለመለወጥ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይበቃል፤ ይህም ከ12ቱ 8 ማለት ነው።

በዚሁ ወንፊት ውስጥ የዕጩ ቁጥርም ይገባል። ፓርቲው በአገር ደረጃ ያቀረበው 40 ዕጩ ከሆነ፣ ሁሉም ቢያሸንፉ እንኳ ብቻቸውን ሕግ አያወጡም። ይህ ማለት ድምፅዎ ይባክናል ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ይለወጣል ማለት ነው፦ «በምክር ቤት አነስተኛ ቁጥር ይዛችሁ ብትገቡ ምን ትሠራላችሁ? ከማን ጋር ትጣመራላችሁ?» ክርክር ላይ ይህን የሚመልስ ከተገኘ በሁለት መስመር ያስምሩበት።

*የገንዘብ ወንፊት።* ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። ከላይ በምሳሌነት ያየነው የ1 ሚሊዮን ሰው የ3,000 ብር ክፍያ በወር 3 ቢሊዮን፣ በዓመት 36 ቢሊዮን ብር ነው። የ2018 በጀት ዓመት የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ስለሆነ ወጪው ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን ከምን ይቀነሳል? ግብር ይጨመራል፣ ብድር ይወሰዳል፣ ወይስ ሌላ ወጪ ይታጠፋል? ከሦስቱ አንዱን ያልጠቀሰ ቃል በ«በምን» ዓምድ ሥር ባዶ ይቀራል። «ሙስናን አጥፍተን በምናተርፈው» የሚለውን መልስ እንደ ባዶ ይቁጠሩት፤ ስንት እንደሚገኝ ማንም አስቀድሞ ሊያስቀምጠው የሚችል ገንዘብ አይደለም።

*የጊዜ ወንፊት።* የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነው፤ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። «በአጭር ጊዜ» ቀን አይደለም። «በመጀመሪያው በጀት ዓመት» ቀን ነው።

ደረጃ 7፦ «ቁ» የተደረገባቸውን ያጣሩ

የዋጋ ግሽበት ቁጥር ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የበጀት ቁጥር ከገንዘብ ሚኒስቴር፣ የምንዛሪና የብድር ቁጥር ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሒሳብ ጉድለት ከፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት ይገኛል። አብዛኛው ስህተት ግን ቁጥሩ ውሸት ስለሆነ የሚመጣ አይደለም፤ ልክ የሆነ ቁጥር ያለቦታው ስለሚገባ ነው።

«ግሽበት ቀነሰ» ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። 10,000 ብር የነበረ ኩንታል ጤፍ በ20 በመቶ ጨምሮ 12,000 ቢሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በ10 በመቶ ቢጨምር 13,200 ይሆናል። ግሽበቱ በግማሽ ወረደ፤ ጤፉ ግን ተወደደ። ገዥው ፓርቲም ተፎካካሪውም በዚህ ጉዳይ ልክ ሆነው ሊጨቃጨቁ ይችላሉ።

ዓመተ ምሕረቱንም ይጠይቁ። «በ2012» ሲባል በእኛ ነው በፈረንጅ? የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ማንኛውንም ዕድገት ሊገለብጠው ይችላል።

ብርና ዶላርንም ይለዩ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለ ገንዘብ ሲነጻጸር በብር ያደገው በዶላር ላያድግ ይችላል፤ ተከራካሪው የሚመቸውን መምረጡ የተለመደ ነው።

«ለአንድ ሰው ይህን ያህል» ሲባል ደግሞ የሕዝቡ ብዛት ግምት መሆኑን ያስታውሱ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው።

ደረጃ 8፦ ደብተርዎን ከሌላ ሰው ጋር ያመሳክሩ

በፖለቲካ የማይስማሙት፣ ግን የሚከባበሩት ሰው ቢሆን ይመረጣል። «ማን ጎበዝ ነበር» ብለው አይጀምሩ፤ «በ2፡35 ላይ ምን ብሎ ሰማህ?» ብለው ይጀምሩ። ሁለታችሁ የተለያየ ከጻፋችሁ ቅጂውን ይክፈቱ። ሰው የሚወደውን ሰው ቃል ሳያውቀው አሳምሮ ይጽፋል፤ የዚህ መድኃኒቱ የሌላ ሰው ደብተር ነው።

ደረጃ 9፦ ያልተመለሰውን ለዕጩው ያቅርቡ

ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ ያልተመለሰውን ይዘው በአካባቢዎ ያለውን ዕጩ በቅስቀሳ ወቅት ይጠይቁ። በስቱዲዮ የተገባውን ቃል የእርስዎ ዕጩ ያውቀው እንደሆነ የሚታየውም እዚህ ነው። የምርጫ ቅስቀሳ በሕግ የሚቆምበት የጥሞና ጊዜ ስላለ ለመጨረሻው ሳምንት አያሳድሩት። የጥሞናው ቀናት ደብተሩን ቁጭ ብሎ ለማንበብ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ

ተቆርጦ የመጣ ቪዲዮ አያጋሩ። በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ የ30 ሰከንድ ቁራጭ ሲደርስዎ፣ ሙሉ ቅጂውን ከጣቢያው የዩቲዩብ ገጽ ፈልገው ከቁራጩ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ደቂቃ ያዳምጡ። «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፤ እኛ ግን...» ከሚለው ንግግር የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ቆርጦ ማሰራጨት ቀላል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል።

ተከራካሪው በሰላማዊ ንግግር ፈንታ ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጭ ቃል ከተጠቀመ ሰዓቱን ጨምረው ይመዝግቡ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ግን አይድገሙት።

ድምፅዎ ምስጢር ነው። ደብተሩ ላይ የመጨረሻ ውሳኔዎን አይጻፉ፤ ወደ ምርጫ ጣቢያም ይዘውት አይሂዱ። የዕጩውን ስምና ምልክት በቃልዎ ይያዙ።

የተለመዱ ስህተቶች

አፈ ጮሌን መምረጥ። አንደበተ ርቱዕ ተከራካሪ «ቃ» የተደረገበት መስመር ስንት እንዳለው ይቁጠሩ፤ አንዳንዴ ገጹ በ«ነ» ብቻ ተሞልቶ ያገኙታል።

በአነጋገር ዘዬ መፍረድ። ክርክሩ በአማርኛ ሲሆን አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ተከራካሪ ቃል ፈልጎ ሊያመነታ ይችላል። ያመነታው ቋንቋው ላይ ነው ወይስ ሐሳቡ ላይ? ፓርቲው በሌላ ቋንቋ ያደረገው ክርክር ካለና እርስዎ ወይም ጎረቤትዎ ቋንቋውን የምትችሉ ከሆነ እሱንም ስሙ።

በባዶ ወንበር መደምደም። ፓርቲ የሚቀረው ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ በሰዓት ድልድሉ ሳይስማማ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ከራሱ መግለጫና ከአዘጋጁ ከሁለቱም ያንብቡ፤ እስከዚያው ገጹን ባዶ ይተዉት።

አንድ ክርክር ብቻ መስማት። ፓርቲዎች በአንድ ርዕስ ጠንካራ፣ በሌላው ደካማ ሰው ይልካሉ። ቢያንስ ሦስት ክርክር፣ የተለያየ ርዕስ፣ ከተቻለም የተለያየ ጣቢያ ይከታተሉ። ሁሉንም መከታተል ካልቻሉ ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ ጋር የሚገናኙትን ርዕሶች ያስቀድሙ፤ ሌላውን በድጋሚ ሥርጭት ወይም ከጎረቤት ደብተር ይሞላሉ።